የተሸፈነው እንቅብ

የያዙኝ እጄ ጭቃ እንደ ሆነ ነው። ከጣና ዳር፣ ከአንዲት ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ጥግ፣ የአገር በቀል ዛፍ ችግኝ የሚፈላበት ቦታ ነበረን፤ እኔ እዚያ ሠራተኛ ነበርሁ። ያን ጠዋት በላስቲክ ከረጢት አፈር እየሞላሁ ሳለ ሁለት ሰዎች መጡና በስሜ ጠሩኝ። ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ፣ የግማሽ ሰዓት ነገር ነው አሉኝ። እጄን ልታጠብ አልኋቸው። እዚያው ትታጠቢያለሽ አሉ። ግማሽ ሰዓቱ ሦስት ወር ሆነ። እጄን የታጠብሁት በማግሥቱ ነው።

ያስገቡኝ ቤት እስር ቤት ይሁን ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ቀድሞ የእርሻ ዕቃ መጋዘን ነበር። ግድግዳው እስከ ሰው ወገብ ድረስ የማዳበሪያ ብናኝ ጠጥቶ ነጥቷል፤ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ሽታው ዓይን ያቃጥላል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ዘጠኝ ሴቶች ነበሩበት፣ እኔ ዐሥረኛ ሆንሁ። መስኮቱ አንድ ብቻ ነው፤ ከሰው ቁመት በላይ ነው፣ ወንፊት ሽቦም ተመትቶበታል። ከሥሩ አንድ ባዶ ጀሪካን ተደፍቶ ነበር። ስገባ አንዲት ሴት ጀሪካኑ ላይ ቆማ ውጭ ውጭውን ታያለች። ዞር ብላ ከራሴ እስከ እግሬ አየችኝ።

«ተራ አለው» አለችኝ። «ዛሬ ገብተሽ ዛሬ ሐይቅ አይታይም።»

ኋላ ተራዬ ደርሶ ስወጣበት፣ ሐይቁ ለካ ከዚያ መስኮት ጨርሶ አይታይም። የሚታየው ሾላ ነው።

ሴትዮዋ የወረታ ሰው ናት፣ የሩዝ ነጋዴ። ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ ሙስሊም ናት፣ አምስት ጊዜ ስትሰግድ ጥግ እንለቅላት ነበር። አንድ መኪና ሙሉ ሩዝ ለማን ልትወስጂ ነው ተብላ ነው የተያዘችው። ሩዜን የሚበላ ሁሉ ዘመዴ ከሆነማ አገሩ በሙሉ ቤተሰቤ ነው አልኋቸው እያለች ታስቀን ነበር። እኔን ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን «መነኩሲት» ብላ ሰየመችኝ፤ የነቢያት ጾም ገብቶ ስለ ነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልቀምስም። ዳቦዬን በወረቀት ጠቅልላ ታስቀምጥልኝና ሰዓቱ ሲደርስ፣ «እንኪ መነኩሲት፣ ዛሬም ሰይጣን ሳይበላው ተርፏል» ትለኛለች።

ሾላው ከግቢው መካከል ነበር። ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ግንድ ነው፤ ፍሬው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ተንዠርግጓል። ጎሕ ሲቀድ ወፎቹ ይመጣሉ። መጀመሪያ የሾላ ርግቦች ናቸው፤ ቅጠል የመሰሉ አረንጓዴ ርግቦች፣ ካልተንቀሳቀሱ ከዛፉ የማይለዩ። ቀጥለው ምንቃራቸው ላይ ሌላ ምንቃር የተደረበባቸው የሚመስሉ ትልልቅ ጥቁር ወፎች ይመጣሉ። የእነዚህ ክንፍ ሲመታ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል፤ ከማየታችን በፊት እንሰማቸው ነበር። እየተጣሉ ይበላሉ፤ ግማሹን በልተው ግማሹን ይጥሉታል። ከተከፈተው ፍሬ የሚወጣው ጣፋጭ ሽታ አንዳንድ ጠዋት በሽቦው በኩል ገብቶ የማዳበሪያውን ሽታ ለጥቂት ጊዜ ያሸንፈው ነበር።

እነዚያን ወፎች አውቃቸዋለሁ። እንጀራዬ ነበሩ ብል ማጋነን አይሆንም። ይህን ለመረዳት የኔታን ማወቅ ያስፈልጋል።

የኔታ በዚያች ቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩ፣ የቅጽሯንም ጫካ የሚጠብቁ ቄስ ናቸው። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው፤ አድጌ ሥራ ስይዝም እዚያው ጎናቸው ሆነ። የሾላ ፍሬ፣ የጥቁር እንጨትም ፍሬ፣ ከዛፉ በእጅ ተለቅሞ ቢዘራ እንደ ነገሩ ነው የሚበቅለው። ወፍ በልቶት ሲጥለው ግን ይበቅላል። የኔታ ይህን ያወቁት ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዛፍ ሥር ቆመው በማየት ነው። ስለዚህ ማታ ማታ ወፎቹ ከሚያድሩበት ዛፍ ሥር አሮጌ ሰሌን ያነጥፋሉ። ጠዋት ኪዳን ደርሶ ሲያበቃ እንቅብ ይዘው ወደ ጫካው ይገቡና፣ ሰሌኑ ላይ ያደረውን ኩስ ለቅመው ያመጡልኛል። እኔ አጥቤ ዘሩን አወጣለሁ።

እንቅቡን ታዲያ ሁልጊዜ በነጭ ጨርቅ ይሸፍኑታል። መንገዱ በመቅደሱ ደጃፍ ነው የሚያልፈው፤ ኩስ ገልጦ በእግዚአብሔር ቤት ፊት ማለፍ ነውር ነው ይላሉ። ባዶውን ሲያስገቡ እንኳ ይሸፍኑታል። አንድ ቀን ባዶ ዕቃ ምን ያሳፍራል ብዬ ብጠይቃቸው፣ ዕቃውም የሚሠራበትን ያውቃል ብለው አለፉኝ። በችግኝ ጣቢያው የምንሠራ ሁሉ እንቅቡ ውስጥ ያለውን እናውቃለን። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ግን አንድ አዛውንት ቄስ በየጠዋቱ የተሸፈነ እንቅብ ይዘው ጫካ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ጊዜው ደግሞ ጫካ የገባ ሰው ሁሉ የሚጠረጠርበት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ለጥያቄ ወሰዱኝ። የጠየቀኝ ሰው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ። እጄን ሲያይ ደነገጠ፣ ወይም የደነገጠ መሰለኝ፤ ውኃና ሳሙና አስመጥቶ አስታጠበኝ። የደረቀው ጭቃ ሲለቅ አለቀስሁ። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ስለ አንቺ ጠይቄአለሁ» አለኝ። «ውሸት አታውቅም ነው ያሉኝ።»

ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ሌሊቱን ሲሚንቶ ላይ አድሬ፣ እናቴን ሳልሰናበት ወጥቼ፣ አንድ የማላውቀው ሰው እውነተኛ ናት ሲለኝ ደረቴ ሞላ።

ስለ የኔታ ጠየቀኝ። ጫካውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው ወይ አለ። አዎ አልሁ። ጠዋት ጠዋት ይገባሉ ወይ አለ። አዎ። ምን ይዘው? እንቅብ። የተሸፈነ? የተሸፈነ። ውስጡ ምን አለ ሲለኝ የወፍ ኩስ ነው ብዬ ነገርሁት፤ ስለ ሰሌኑም፣ ስለ ዘሩም አንድ በአንድ አስረዳሁት። ብዕሩን አስቀምጦ ሰማኝ። ከዚያ አንሥቶ ጻፈና፣ አንብበሽ ፈርሚ ብሎ ወረቀቱን አዞረልኝ።

አምስት ዓረፍተ ነገር ነበር። ጫካውን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ያለ እሳቸው ፈቃድ ማንም አይገባም። ዘወትር ጠዋት የተሸፈነ እንቅብ ይዘው ይገባሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይዘው ይወጣሉ። በእንቅቡ ያለውን በመንገድ ላይ ለማንም አያሳዩም።

እያንዳንዱን ቃል በጣቴ እየተከተልሁ አነበብሁ። ጥንቁቅ ሰው ነኝ። «ዘወትር» የሚለው ልክ አይደለም፣ እሑድ እሑድ አይገቡም አልሁት። አመስግኖኝ «ከእሑድ በስተቀር» ብሎ አረመው። ከዚያ፣ ኩሱ አልተጻፈም አልሁ።

ሳቅ አለ፣ በክፋት አልነበረም። «እህቴ፣ የወፍ ኩስ ለዳኛ አይቀርብም። ይስቁብናል።»

እኔም ፈገግ አልሁ መሰለኝ። ደግሜ አነበብሁት። ሐሰት የሆነ አንድ ቃል የለበትም። ፈረምሁ። ስሜን ሁልጊዜ በትልቁ ነው የምጽፈው፤ የወረቀቱን ግርጌ ሞላው። ዓርብ ትወጫለሽ አለኝ።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ለሴቶቹ ዓርብ እወጣለሁ ብዬ ነገርኋቸው። የወረታዋ ሴት ጀሪካኑን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችልኝና፣ «በይ ዛሬ ተራው ያንቺ ይሁን፣ ሂያጅ ነሽ» አለችኝ። ወጥቼ ወፎቹን ሳይ ዋልሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ መስኮቱ ላይ የነበረችው አንዲት ተማሪ፣ አንድ ሽማግሌ አመጡ አለች። ማን እንደ ሆኑ ሳላይ አውቄአለሁ ብል ይሻላል፤ ግን አላወቅሁም። ተራዬን ጠብቄ ነው የወጣሁት። የኔታ ከሾላው ሥር ቆመው ነበር። ጥምጥማቸውን ወስደውባቸዋል። ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሳውቃቸው ራሳቸውን ገልጠው አይቻቸው አላውቅም። ስስ ነጭ ጠጉር ነበራቸው፣ ጨቅላ ሕፃን ይመስሉ ነበር። ዓይኔን መለስሁ። አባቴን ራቁቱን ሆኖ ያየሁት ያህል ነው የተሰማኝ።

ከጀሪካኑ ወርጄ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥሁ። እነዚያ አምስት ዓረፍተ ነገሮች አንድ በአንድ መጡብኝ፤ ከእሑድ በስተቀር የሚለው ሳይቀር። ከኩሱ ሲለዩ ሌላ ነገር ይናገሩ ነበር። ለጫካ ሰው ስንቅ የሚያመላልሱ ቄስ ይናገሩ ነበር። በሐሰት መመስከር ኃጢአት መሆኑን ፊደል ሳልጨርስ ነው የተማርሁት፣ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ሁሉ ቃሉ እውነት የሆነ ሐሰት መኖሩን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁም ይሆናል።

የሾላው ሥር የሚጠረገው በእኛ በሴቶች ነበር። የወደቀው ፍሬና ኩስ የጠባቂዎቹን አግዳሚ ወንበር ስለሚያበላሸው፣ ጠዋት ጠዋት ሁለት ሁለት እየሆንን እንወጣለን፤ እኛ ስንጨርስ በሌላው ክፍል የታሰሩት ወንዶች ወደ መጸዳጃ ይወጣሉ። ረቡዕ ተራው የተማሪዋ ነበር። ለምኜ ተካኋት።

ፍሬው ግማሹ የተበላ፣ ግማሹ የተረገጠ፣ ንብ የወረረው ነበር። እየጠረግሁ፣ በደንብ የጸዳውን ቦታ ደግሜ እየጠረግሁ፣ ጊዜ ገዛሁ። ከአግዳሚው ላይ የተቀመጠው ጠባቂ የመራዊ ገጠር ሰው ነው፤ ከላይ አንዷ ወፍ ቆቡ ላይ ጣለችበት። ቆቡን አውልቆ አየውና በቅጠል እየጠረገ፣ «በዚህ ግቢ እኔን የማይፈራ ይሄ ወፍ ብቻ ነው» አለ። አብራኝ የምትጠርገው ሴት ሳቀች። እኔ የወንዶቹን በር ነበር የማየው።

ወንዶቹ ወጡ። የኔታ ከኋላ ነበሩ፣ ቀስ ብለው ነው የሚራመዱት። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙና በክርስትና ስሜ ጠሩኝ።

«ሰሌኑን ማን ያነጥፈዋል?»

«ማንም የለም፣ የኔታ።»

ወደ ዛፉ ቀና አሉ። «እንግዲያ እነሱው ራሳቸው ይዘሩታላ» አሉ።

ጠባቂው ወሬ የለም አለን፣ ሳይቆጣ። ማታውን ሁሉ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። የኔታ፣ እዚህ ያመጣዎ የእኔ ቃል ነው ልላቸው ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ልማዴ ነው፤ መጥረጊያውን እንደ ያዝሁ ዝቅ አልሁና፣ «ይፍቱኝ» አልሁ። መስቀላቸውን ከበሩ ላይ ተቀብለዋቸዋል። ባዶ እጃቸውን አንሥተው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ ልጄ» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሊቀለኝ ይገባ ነበር። ሲቀለኝ የሚኖረውን ስሜት አውቀዋለሁ፣ ስንት ዓመት ንስሐ ገብቻለሁ። ይህ ቡራኬ ግን ከሰው ጓዳ ሳላስፈቅድ ያነሣሁት ነገር ያህል ከበደኝ። ገብቼ ተቀመጥሁ። የወረታዋ ሴት የራስ መሸፈኛዋን እያጠበች ነበር፣ ምን ሆነሽ አለችኝ። ሁሉን ነገርኋት፣ ስለ ወረቀቱም፣ ስለ ቡራኬውም። ጨምቃ ጨርሳ፣ ጨርቋን ሽቦው ላይ ሰቅላ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ይፍቱኝ ያልሽው በምን ምክንያት እንደሆነ ነግረሻቸዋል?»

«አልነገርኋቸውም።»

«ነገም ወጥተሽ ልትነግሪያቸው ነው?»

አዎ አልኋት።

«እኔ በናንተ ሃይማኖት አልገባም» አለች። «በሚዛን ግን እገባለሁ። አንድ ሰው ኪሎ አጉድለሽበት ቤቱ ከሄደ በኋላ፣ ተከትለሽ ይቅር በለኝ ብትዪው ይቅር ይልሻል። ልጆቹ ግን የጎደለውን ነው የሚበሉት። ለሽማግሌው ብትነግሪያቸው የምታርፊው አንቺ ነሽ፤ እሳቸው ያው ታስረው ነው። ወረቀቱ ላይ የጎደለው ምንድን ነው?»

አሰብሁ። «ኩሱ» አልኋት።

አንዲቷ በሳቅ ፈነዳች። ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ በዚያ ቤት ዐሥራችንም አንድ ላይ ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። የወረታዋ ሴት ዓይኗን እየጠረገች፣ «እንግዲህ መነኩሲት፣ ኩሱን ውሰጂላቸዋ» አለችኝ።

እሷ ለቀልድ ነው ያለችው። እኔ ቀኑን ሙሉ አሰብሁበት። ከኩሱ ማዶ፣ በሚዛኑ ሌላ ወገን ያለው ዓርብ ነበር። እናቴ ዘንዘልማ ብቻዋን ናት፣ ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ምድጃዋን በዳበሳ ነው የምትለኩሰው። ከታሰርሁ ወዲህ ጎረቤት ያያት ይሆን፣ ወድቃ ይሆን፣ የማውቀው ነገር አልነበረኝም። ዓርብ ከወጣሁ ማታውን አብሬያት ነኝ። ዝም ብል የሚያውቅብኝ የለም፤ የኔታም ፈተውኛል። ይህን ሁሉ እያመዛዘንሁ ሰዓቱ አለፈ፣ ዳቦዬን ሳልበላው ዋለ።

ሐሙስ ጠዋት ለመጥረግ ወጣሁ። የተቆረጠ የውኃ ፕላስቲክ ይዤ ነበር፣ እንደ ኩባያ የምንጠጣበት። ከግንዱ ሥር ትኩስ ትኩሱን በቅጠል እያነሣሁ ጨመርሁበትና የነጠላዬን ጫፍ አለበስሁት። የመራዊው ጠባቂ አየኝ። ምን ልታደርጊበት ነው አለኝ። ለአለቃህ ማሳየት እፈልጋለሁ አልሁት። ረጅም ጊዜ አየኝና፣ የሰው ነገር ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ሲመለስ፣ ግቢ አለኝ።

ሰውዬው ያው ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነበር። ፕላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥ አፍንጫውን ያዘ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«በእንቅቡ ውስጥ የነበረው ነው።»

አስወጧት ይላል ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለም። ከጠረጴዛው ላይ የመጠጥ ውኃውን ለምኜው ሰጠኝ። ጨመርሁበት፣ በጣቴ አማሰልሁት፤ ቆሻሻው ሲንሳፈፍ በመስኮቱ ደፋሁት፣ ደግሜ ጨመርሁ፣ ደግሜ ደፋሁ። ስንት ሺህ ጊዜ የሠራሁት ሥራ ነው። በመጨረሻ ውኃው ጠራ። የቀረውን በነጠላዬ ጫፍ አጥልዬ ዘርግቼ አሳየሁት። ከጤፍ ያነሱ ቢጫ ዘሮች ነበሩ። ጎንበስ ብሎ አያቸው። አንዱን በጥፍሩ ነካው።

«እሺ» አለ። «አመንሁሽ እንበል። ምን ይሁን ነው የምትዪው?»

«አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመርልኝ።»

ወረቀቱን ከመሳቢያ አወጣና ከፊቱ አስቀመጠው። አልመታሁሽም፣ አልሰደብሁሽም አለኝ። አዎ፣ እንደ እህት ነው ያስተናገዱኝ አልሁት፤ እውነት ነው። አንብበሽ፣ አርመሽ ነው የፈረምሽው አለ። አዎ አልሁ።

«ይህ ከተጨመረ ቃልሽን ቀየርሽ ማለት ነው። የቀየረ ሰው ዓርብ አይወጣም።»

«እየቀየርሁ አይደለም። የጎደለ ነው።»

«እናትሽስ?»

እናት እንዳለኝ ነግሬው አላውቅም ነበር። ከውጭ የጥቁሮቹ ወፎች ክንፍ ተሰማ፣ ሲመጡ ነው። እጄን ዘርግቼ ብዕሩን ጠየቅሁት።

ሰጠኝ። ከፊርማሽ በታች ቦታ የለም አለኝ። የለም፣ ስሜ ሞልቶታል። ወረቀቱን አዞርሁና በጠርዙ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በተቻለኝ መጠን አሳንሼ ጻፍሁ፦ በእንቅቡ ያለው የወፍ ኩስ ነው፤ ዘሩን ለችግኝ እንለቅመዋለን፤ የሚሸፈነው ለቤተ ክርስቲያን ክብር ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ጥያቄ ተናግሬአለሁ። አንብቤ መለስሁለት። ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ዘሩ ጫፉ ላይ ተጣብቆ ቀረ።

ዓርብ የሦስት ሴቶች ስም ተጠራ። የእኔ አልነበረበትም። የወረታዋ ሴት ነበረችበት። የደረቀ የራስ መሸፈኛዋን ትታልኝ፣ «ጀሪካኑን ለማንም እንዳትለቂ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ከምናምን ቆየሁ። የኔታን ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ከሌሎች ወንዶች ጋር በመኪና ጭነው ወሰዷቸው። ወዴት እንደ ሆነ አልተነገረንም። መስኮቱ ላይ ተራው የእኔ አልነበረም፤ ሲወጡ አላየኋቸውም።

ስፈታ እናቴ ቤት የሩዝ ጆንያ አገኘሁ። አንዲት የወረታ ሴት በየሳምንቱ ትመጣ ነበር አለችኝ እናቴ፤ ተቀምጣ ታጫውተኛለች፣ አንቺን መነኩሲት ትልሻለች፣ መነኮስሽ እንዴ?

አገሬን ለቅቄ ከወጣሁ ቆየሁ። አሁን ካምፓላ ነው የምኖረው፣ ከሌላ ትልቅ ሐይቅ አጠገብ፣ በሰው ቤት ልብስ እያጠብሁ። የኔታ ከእስር ወጥተዋል። የእኔ መስመር ትሁን ሌላ ነገር ያስወጣቸው አላውቅም፣ የሚነግረኝም የለም። ለበዓል ስደውል የቤተ ክርስቲያኑ ዲያቆን ስልኩን ጆሯቸው ላይ ያደርግላቸዋል። ስለ ጥቁር እንጨቱ ይነግሩኛል፤ ጫካው ውስጥ ማንም ሳይዘራው የበቀለ ችግኝ እንዳለ ይነግሩኛል። ሰሌን የሚያነጥፍ ግን የለም፤ እሳቸውም መሄድ ትተዋል። ሁልጊዜ ልነግራቸው እጀምራለሁ። ሁልጊዜ በመካከል የወረታዋ ሴት ቃል ይመጣብኛል፣ የምታርፊው አንቺ ነሽ ያለችኝ። በዚያም በዚህም ሳልነግራቸው እዘጋለሁ። ይህ ልክ ይሁን ስሕተት እስካሁን አልቆረጥሁም።

ባለፈው የስደተኛ ወረቀት ለማግኘት ቃል ሰጥቼ ነበር። ጸሐፊዋ የዚህ አገር ሴት ናት፣ አስተርጓሚው ደግሞ የእኛ አገር ልጅ። ሲያበቃ የተጻፈውን በአማርኛ አነበበልኝ። መያዜ አለ፣ መጋዘኑ አለ፣ ወረቀቱና ፊርማዬም አለ። ሁሉም ልክ ነው? አለኝ። ሁሉም ልክ ነበር። ግን ሲነበብ የሚሰማው ሰው ተገድጄ የፈረምሁ ይመስለዋል። እኔ እንደዚያ አላልሁም፤ እንደዚያ አይደለም ብሎም የተጻፈ የለም።

ማንም ሳይመታኝ፣ ማንም ሳያስፈራራኝ፣ አንብቤ በፈቃዴ ነው የፈረምሁት የሚል ይጨመርልኝ አልሁት።

አስተርጓሚው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ እንዲህ ካልሽ ይጎዳሻል። እሷ እኮ አልጠየቀችሽም።»

«አውቃለሁ ወንድሜ። ይጻፍልኝ።»

ነገራት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው። በዚህኛው ወረቀት ላይ ብዙ ቦታ ነበር።

መልሱ እስካሁን አልመጣም። ከምኖርበት ቤት ከፍ ብሎ ኮረብታው ላይ ሾላ አለ፤ በዚህ አገር ቋንቋ ስሙን ገና መጥራት አልቻልሁም፣ የሚበሉት ወፎች ግን የማውቃቸው ናቸው፣ ክንፋቸውን ከሩቅ እለየዋለሁ። ከሥሩ አሮጌ ጆንያ አነጥፋለሁ። ጠዋት ሥራ ከመሄዴ በፊት ያደረውን በሳሕን ለቅሜ እመለሳለሁ። መንገዱ ለቅዳሴ በተከራየነው አዳራሽ ደጃፍ ስለሚያልፍ ሳሕኑን በጨርቅ እሸፍነዋለሁ። በመንገድ ያገኘኝ ሰው ምን ይዘሽ ነው ካለኝ ግን ቆሜ፣ ጨርቁን ገልጬ አሳየዋለሁ።